ካምራ ወይስ ኡድ ፎር ግሎሪ? ጎንደር ላይ ለሚቀባ ሰው የመምረጫ መንገድ

ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደወለችልኝ። «ለበዓል እመጣለሁ፣ ሽቶ ላምጣልህ፤ ካምራ ነው ኡድ ፎር ግሎሪ? ሁለቱንም እንዳትለኝ፣ ሻንጣዬ ሞልቷል» አለች። ወዲያው «ካምራ!» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለምን? ቲክቶክ ላይ ሁሉም ካምራ ካምራ ስለሚል። ከዚያ የአምና ጉዴ ትዝ አለኝና «አንድ ሳምንት ስጪኝ» አልኳት።

ጉዴን ልንገራችሁ። አንድ ሱቅ ገብቼ፣ ወረቀት ላይ የተረጨልኝን አሽትቼ፣ በሃያ ሴኮንድ ወስኜ፣ ብሬን ከፍዬ ወጣሁ። ያውም ከባድ የአረብ ሽቶ። በማግስቱ ጠዋት ስድስት ጊዜ ረጨሁና አዘዞ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ገና ፒያሳን ሳንለቅ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝና መስኮቱን ከፈተው። ጠዋት ነው፣ የጎንደርን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሌላ ቀን ቢሆን አሥር ሰው «ዝጋው እንጂ!» ይል ነበር። ያን ቀን አንድም ሰው አልተነፈሰም።

ስለዚህ ይኼ ጽሑፍ የአንድ ሳምንት ሥራዬ ውጤት ነው። እኔ ሁለቱን ሽቶዎች ነው ያወዳደርኩት፤ እናንተ ሌላ ሁለት ከባድ ሽቶ ይዛችሁ ግራ ከገባችሁም መንገዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ የሚሠራቸው ላታፋ የሚባለው የኤምሬትስ ሽቶ አምራች ነው። ኡድ ፎር ግሎሪ በፈረንጆቹ 2020 ወጣ፣ ካምራ ደግሞ 2022። ሁለቱም በ100 ሚሊ ጠርሙስ ይመጣሉ፣ ሁለቱም ኦ ደ ፓርፉም ናቸው። ኦ ደ ፓርፉም ማለት ባጭሩ ከጠርሙሱ ውስጥ ከ15 እስከ 20 በመቶ አካባቢው የሽቶው ዘይት ሆኖ ሌላው በብዛት አልኮል ነው ማለት ነው። ኦ ደ ቷሌት የሚለው ከዚያ ይሳሳል።

ካምራ ሲረጭ ቀረፋና ገውዝ ይቀድማሉ። ከዚያ ቴምርና በስኳር የተቆላ ለውዝ የመሰለ ነገር ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ ቫኒላ፣ ሉባንጃና ከርቤ ይቀራሉ። የጎንደር ሰው ይኼን ዝርዝር ሲያይ ግማሹ ከእናቱ ጓዳ፣ ግማሹ ከእጣን ማጨሻዋ የተወሰደ ይመስለዋል። (ስሙ በመተማ በኩል ከሱዳን ከሚመጣው ከሙሽሮች ኹምራ ጋር ስለሚመሳሰል አንዳንድ ሰው ያምታታዋል። ሌላ ነገር ነው።) ኡድ ፎር ግሎሪ ደግሞ በሳፍሮን፣ በገውዝና በላቬንደር ይጀምርና ወደ ኡድና ፓቹሊ (አፈር አፈር የሚል የቅጠል ጠረን) ይገባል። ማሳረጊያው ሚስክ ነው። ደረቅ ነው፤ ቆዳ ቆዳ፣ ጭስ ጭስ ይላል።

ሽቶ የሚከታተሉ ሰዎች ካምራን ኪሊያን ከሚባለው ሽቶ ቤት ኤንጅልስ ሼር፣ ኡድ ፎር ግሎሪን ኢኒሺዮ ከሚባለው ቤት ኦውድ ፎር ግሬትነስ ጋር ያመሳስሏቸዋል። እነዚያ ዋጋቸው አይቀመስም። የላታፋ ገበያ የደራውም ተመሳሳዩን ጠረን በርካሽ ስለሚሸጥ ነው።

ስለ ኡድም አንድ ነገር እወቁ። እውነተኛው ኡድ እስያ ውስጥ የሚበቅል አኳይላሪያ የሚባል ዛፍ ሻጋታ ሲይዘው ራሱን ለመከላከል ከሚያወጣው ሙጫ የሚገኝ ነው። በጣም ውድ ነው። ስለዚህ እንደ ላታፋ በርካሽ የሚሸጥ ጠርሙስ ውስጥ ያለው የኡድ ጠረን በላቦራቶሪ የተቀመረ ነው ብላችሁ ውሰዱት። ይኼ ነውር የለውም፤ ሻጩ «ንጹሕ የዛፍ ኡድ ነው» ብሎ ሲምል ብቻ ሳቅ በሉና እለፉ።

እግረ መንገዴን፣ «የአረብ ሽቶ» ስንል የኛ እጅ የሌለበት እንዳይመስላችሁ። የጥርኝ ዝባድ ከዚህ አገር በከብት ቀንድ እየታሸገ ወደ ውጭ ይሄድ ነበር፤ የጎንደር ነጋዴዎችም ከሚነግዱት ዕቃ አንዱ እሱ ነበር። የመተማና የቋራ እጣንም ዛሬ ድረስ ይሄዳል። እሺ፣ ወደ ሥራችን።

1. ሽቶውን ከማሽተታችሁ በፊት ቦታውን ወስኑ

ይኼን ሁሉም ሰው ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ነው ሚኒባስ ውስጥ የተዋረድኩት። ወረቀት ያዙና ባለፈው ወር የት የት እንደዋላችሁ ጻፉ፤ መዋል የምትመኙበትን ሳይሆን በእርግጥ የዋላችሁበትን። የኔ ይኼን ይመስል ነበር፦ አራት ሰው የታጨቀባት ቢሮ፣ ጠዋትና ማታ ሚኒባስ ወይ ባጃጅ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት ሠርግ፣ አንድ ለቅሶ፣ አልፎ አልፎ ማታ ፒያሳ ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ።

አሁን ከእያንዳንዱ አጠገብ ሰው ምን ያህል እንደሚጠጋችሁ ጻፉ። ለቅሶ ላይ ሁለቱም አይሆኑም፣ ለክርክርም አይቀርብ። ቤተ ክርስቲያንም እኔ በበኩሌ ተውት እላለሁ፤ እዚያ የራሱ እጣን አለ። ባጃጅ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ነው፣ ከባድ ሽቶ ሹፌሩን ይበድለዋል። የሚቀረው ሠርግ፣ ቢሮና የማታ መውጫ ነው። አያችሁ፣ ጥያቄው «የቱ ይበልጣል?» መሆኑ ቀርቶ «ለሠርግና ለቢሮ የቱ ይሻለኛል?» ሆነ። ይኼኛው መልስ አለው።

2. ሳትገዙ ሁለቱንም አግኙ

ቲክቶክ አይሸትም። ጓደኛ ያለው ካለ ለምኑት፤ ከጠርሙስ ቀንሰው በ5 ወይም በ10 ሚሊ የሚሸጡም አሉ። አንድ ርጭት በግምት አንድ አሥረኛ ሚሊ ነው፤ 5 ሚሊ ወደ ሃምሳ ርጭት ይወጣዋል ማለት ነው፤ ለሙከራ ተርፎ ይቀራል። እኔ ካምራውን ከሥራ ባልደረባዬ ተዋስኩ። ኡዱን ግን አንድ ሱቅ ሄጄ ክንዴ ላይ አስረጨሁና «አስቤበት እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ልጁ ፊቱን አጠቆረው። አትፈሩ፣ መብታችሁ ነው። እኔም ተመልሼ ከጠርሙስ የተቀነሰችውን ትንሿን ገዝቻታለሁ።

3. አፍንጫችሁ ባዶ የሆነበትን ሰዓት ምረጡ

ጎንደር ውስጥ ይኼ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ቡና ከተፈላ እጣኑ አለ። ሽንኩርት እየተቁላላ ከሆነ አለቀ። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ተራ ውላችሁ ከመጣችሁ ያን ቀን እርሱት። ልብሳችሁም በሚሸት ሳሙና የታጠበ አይሁን፤ ሰውነታችሁን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጠቡና ክንዳችሁ ሲደርቅ ጀምሩ።

ሽቶ ቤቶች በመሀል የቡና ፍሬ ያሸትቷችኋል፣ አፍንጫን ያጸዳል ተብሎ። የቡና አገር ሰው ሆኜ ይኼን መናገር ቢከብደኝም፣ ቡናው ሌላ ጠንካራ ሽታ ከመጨመር ያለፈ ጥቅም የለውም። ደጅ ወጥታችሁ ንጹሕ አየር መሳብ ይበቃል።

4. አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ

በየክንዳችሁ አንድ አንድ ርጭት። እጅ ለእጅ አታፋትጉ። የቱ በየት እንደሆነ ጻፉት፣ ትረሳላችሁ። ከዚያ ጠብቁ። ዋናው ሥራ መጠበቅ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሽቶ ውስጥ ያሉት ነገሮች እኩል አይተኑም። ቀላሉ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኖ ያልቃል፤ ከባዱ፣ ማለትም ሙጫው፣ ቫኒላው፣ ሚስኩ፣ ቀስ እያለ ለሰዓታት ይወጣል። ሱቅ ውስጥ ወረቀት አሽትተን የምንወስነው በዚያ በሚበነው ላይ ነው። የምንኖረው ግን ከቀሪው ጋር ነው።

የኔ ቀን እንዲህ ዋለ። ጠዋት 3 ሰዓት ረጨሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እማዬ ገባች። የግራ እጄን፣ ኡዱን፣ አሸተትኳት። ራሷን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ «ምነው ልጄ፣ ሆስፒታል ነበርክ እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ሲጀምር የሆነ የመድኃኒት፣ የቁስል ፕላስተር ነገር አለው። ቀኙን ስሰጣት ፈገግ አለች። «ይኼስ የቀረፋ ሻይ ነው።» በቃ፣ ካምራ አሸነፈ ብዬ ስልኬን አንስቼ ነበር።

አላነሳሁትም ብል ይሻለኝ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ሥራ ላይ ሆና ስላላነሳችልኝ ነው የተረፍኩት። 5 ሰዓት ላይ እማዬ ልብስ ልታሰጣ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች። «ቤቱ ምን ሸተተ? ደስ ይላል» አለች። በግራ በኩል ነበር የቆመችው። ኡዱ መድኃኒቱን ጥሎ እንጨት ሆኗል፣ ንጹሕ የደረቀ እንጨት ላይ ትንሽ ጣፋጭ ነገር የፈሰሰበት ዓይነት። 8 ሰዓት ላይ ጸሐዩ ሲበረታ ግቢ ውስጥ ተቀመጥኩ። ካምራው ወፈረ። ቴምሩና ስኳሩ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ሆነ፤ እኔ ራሴ እጄን ማራቅ ጀመርኩ። ማታ 1 ሰዓት ብርዱ ሲመለስ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ካምራው ጋቢ እንደ መልበስ ሞቅ የሚል ሆነ፣ ኡዱ ግን ቆዳዬ ላይ ተለጥፎ ጸጥ አለ።

ይኼ የኔ ቆዳ ነው። የናንተ ሌላ ሊል ይችላል። ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ጸሐይ፣ ማታ ብርድ እየተፈራረቀ ስለሚውል ሦስቱንም ሳታዩ እንዳትወስኑ። ሙቀት ሽቶን ያስነሳዋል፣ ብርድ ያስተኛዋል።

5. የራሳችሁን አፍንጫ አትመኑ

አንድ ሽታ ሳያቋርጥ ሲመጣ አፍንጫ ይለምደውና መናገሩን ይተዋል። ለዚህ ነው ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ጠፋ እኮ» ብሎ ሌላ አራት ጊዜ የሚረጨው። አልጠፋም። ለናንተ ብቻ ነው የጠፋው፣ ቢሮው በሙሉ እያሸተተው ነው።

ስለዚህ ሰው ጠይቁ፤ ግን «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። የኛ ሰው ይሉኝታ አለበት፣ «ያምራል» ብሎ ያልፋል። «ከየት ጀምሮ ሸተተህ?» በሉት። በሩ ላይ ካለ በዝቷል። ስንጨባበጥ ካለ ልክ ነው። ሦስት ሰው ይበቃል፣ ከሦስቱ አንዱ ሽቶ የማይወድ ቢሆን ደግሞ ጥሩ፤ እሱ ነው እውነቱን የሚናገረው። የኔዋ የሒሳብ ክፍሏ እቴቴ ናት። ካምራውን በቀባሁ ቀን «እንዲያው ወንድሜ፣ ራሴን አመመኝ፣ ኬክ ቤት የዋልኩ መሰለኝ» አለችኝ። ኡዱን በሁለት ርጭት ቀብቼ ስመጣ ምንም አላለችም። ወደ ማታ ላይ «የዛሬው ይሻላል» አለች። ከሷ አፍ ይኼ ምርቃት ነው።

6. አንዱን ብቻ ሙሉ ቀን

ሁለት ክንድ ላይ ማወዳደር ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን ሽታዎቹ ይገናኛሉ። በሌላ ቀን አንዱን ብቻ፣ በሚቀጥለው ሌላውን ብቻ ቀብታችሁ ዋሉ። ልብሳችሁን ማታ አውልቃችሁ ስቀሉና ጠዋት እጅጌውን አሽትቱ። ጠዋት የቀረው ሽታ የሚያስጠላችሁ ከሆነ ያንን ሽቶ ተዉት፤ ካፖርትና ጋቢ በየቀኑ አይታጠብም።

7. መጠኑን አሁኑኑ ልመዱ

የቱንም ብትመርጡ ለቢሮ ሁለት ርጭት፣ ደረት ላይ ከልብስ ሥር። ለሠርግ ሦስት ወይም አራት። ስድስት ለማንም አይሆንም፣ ከልምድ ነው የምናገረው። ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ይበቃል፤ ሕዝቡ ተጣብቆ፣ ጸሐዩ አናት ላይ ሆኖ ማምለጫ የለም።

በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቆዳም ይደርቃል፣ ደረቅ ቆዳ ላይ ደግሞ ሽቶ ቶሎ ያልቃል። ሽታ የሌለው ቅባት ወይም ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀድማችሁ ብትቀቡ ይቆያል። ነጠላና ነጭ የአገር ልብስ ላይ ግን በቀጥታ አትርጩ። በተለይ ካምራው፤ ቫኒላ የበዛበት ሽቶ ነጭ ጥጥ ላይ ቢጫ ምልክት ሊጥል ይችላል፣ ያን ጊዜ ከእናታችሁ ጋር ተያዩ።

8. ስትገዙ ስሙን እስከ መጨረሻው አንብቡ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው፤ አንዳንዴ ሻጩም ሳያውቅ። «ካምራ ቃህዋ» የሚባል አለ፤ ቡና የገባበት ሌላ ሽቶ ነው። ኡድ ፎር ግሎሪ ደግሞ ባዲዕ አል ኡድ በሚባል ተከታታይ ውስጥ ያለ ስለሆነ አሜቲስት፣ ሰብላይም፣ ኦነር ኤንድ ግሎሪ የሚባሉ ወንድሞች አሉት። ጠርሙሳቸው ይመሳሰላል፣ ቀለማቸው ይለያል፣ ሽታቸው በጭራሽ አይገናኝም። የኛው ጥቁርና ወርቃማው ነው። ለሚያመጣላችሁ ሰው «ባዲዕ አል ኡድ አምጪልኝ» ብቻ ካላችሁ የፈለገችውን ብታመጣ አትፍረዱባት። ፎቶ ላኩላት።

አስመስሎ የተሠራም አለ። ካርቶኑ ላይና ጠርሙሱ ሥር ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ። ጽሑፉ የፊደል ስህተት ካለው፣ ክዳኑ ከተንቀዠቀዠ፣ መርጫው እንደ ጭጋግ መበተኑ ቀርቶ እንደ ቧንቧ ከፈሰሰ ተዉት። ከሁሉ በላይ ግን ደረጃ 4 ይጠብቃችኋል፦ አስመስለው የሠሩት መክፈቻውን ይመስላል፣ ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን የሚቀር ነገር የለውም። አምና የተሸወድኩት ሽቶ ሚኒባስ ውስጥ ያን ያህል አዋርዶኝ ምሳ ሰዓት ላይ ጭራሽ አልነበረም።

አልኮል የማይፈልግ ሰው ደግሞ በዘይት ብቻ የሚሠራውን አታር ይጠይቅ። ከቆዳ ብዙም አይርቅም፣ ለቢሮና ለባጃጅ እንዲያውም እሱ ይመረጣል።

9. ውሳኔው

ማታ ማታ የምትወጡ፣ ብርድ የምትወዱ፣ ጣፋጭ ሽታ የማይሰለቻችሁ ከሆነ ካምራ ውሰዱ፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድ እሱን የመሰለ የለም። ቀን ሱፍ ለብሳችሁ የምትውሉ፣ ጥር ላይ ከሠርግ ሠርግ የምትዞሩ ከሆነ ኡድ ፎር ግሎሪ። ሠርግ አዳራሽ ውስጥ የወጡና የጠጁ ሽታ ጣፋጩን ካምራ ይውጠዋል፣ ደረቁ ኡድ ግን ለብቻው ይለያል። ወንድ ሴት የሚለውን እርሱት፣ ሁለቱንም ሁለቱም ይቀባሉ።

እኔ ኡዱን አልኩ። የአክስቴ ልጅ «እርግጠኛ ነህ? ሁሉም ካምራ ነው የሚለኝ» አለች። «ሁሉም እቴቴ አጠገብ አይቀመጥም» አልኳት።

ሲመጣ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ አየር ርጩና ካርቶኑ ውስጥ መልሱት፣ ቁምሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ፍሪጅ አያስፈልገውም፣ የጎንደር ቤት በራሱ ቀዝቃዛ ነው። ብርሃንና ሙቀት ስለሚያበላሹት ጠርሙሱ ያምራል ተብሎ መስኮት ላይ አይደረደርም። 100 ሚሊው ወደ 1,000 ርጭት ገደማ ነው፤ በቀን ሦስት ብትሉ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ያልቃል፣ ስለዚህ ካርቶኑን አትጣሉት። እኔ የአምናውን ካርቶን ችላ ብዬው እማዬ ክርና መርፌዋን ከታበታለች፤ እስካሁን ቁልፍ ልትተክልልኝ ስትከፍተው ያ ሚኒባስ ትዝ ይለኛል።